ካሜራ፣ መብራት ወይስ ቁልፍ? ስለ ወንጀል የጠየቃችሁንና ጥናቱ የሚለው

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ወንጀል የሚጠይቁትን አምስቱን መርጠናል። ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ቤት ተሰብሮ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና የጋዝ ሲሊንደር ተወስዷል፤ ሁለቱ ስርቆት የተፈጸመው በአንድ ቤት ላይ ነው። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቷል። ግማሹ ካሜራ ይገዛ ይላል፣ ግማሹ የግቢ መብራት። ጥናት ለየትኛው ያደላል?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ነገር «ሁለቱ በአንድ ቤት ላይ ነው» ያሉት ነው። ወደ እሱ እንመጣለን፤ መጀመሪያ የጠየቁትን እንመልስ።

ስለ ካሜራ በ2019 የታተመ፣ የአርባ ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ አለ፤ ኤሪክ ፒዛና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ነው። ካሜራ የተተከለባቸው ቦታዎች ካልተተከለባቸው ተመሳሳይ ቦታዎች ጋር ሲነጻጸሩ ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ያህል ቀንሷል። ውጤቱ ጎልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች ነው። በመኖሪያ ሰፈርም አለ፣ ግን አነስ ይላል። ድብድብ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም፤ በንዴት የሚማታ ሰው ቀና ብሎ ካሜራ አይፈልግም። የተሻለ የሠሩት ሰው በቀጥታ የሚከታተላቸውና ከሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ከመብራትና ከጥበቃ ጋር የተቀናጁት ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ወስኑ፦ ማታ ማን ያየዋል? መቅጃው የት ይቆለፍበታል? መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? ቀረጻው በስንት ቀኑ ይጠፋል? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ከስርቆቱ በኋላ የሚተርፋችሁ ፊቱ የማይለይ ምስል ነው።

ስለ መብራት ያለው ማስረጃ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም በዕጣ የተሠራ ነው። በ2016 በኒው ዮርክ 80 ያህል የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ግቢዎች ተመርጠው ዕጣ ወጣ። ለግማሾቹ ትልልቅ ተንቀሳቃሽ የመብራት ማማዎች ለስድስት ወር ያህል ቆሙላቸው፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። አሮን ቻልፊንና ባልደረቦቹ ሁለቱን ሲያነጻጽሩ በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል ቢያንስ በ36 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ይህ ቁጥር በየቦታው ሲጠቀስ «በሌሊት» እና «ከቤት ውጭ» የሚሉት ቃላት ይወድቃሉ። የእናንተ ችግር የቤት ስርቆት ነው። ሰው ሥራ በሄደበት ሰዓት የሚፈጸም ከሆነ የግቢ መብራት ምንም አይፈይድላችሁም።

ሰዓቱን ለማወቅ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሲመለስ በሩ ተሰብሮ ካገኘው «ማታ 1 ሰዓት ላይ ተሰረቀ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ስርቆቱ የታወቀበት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ይመዝገብ፦ ቤቱ ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትና መሰረቁ የታወቀበት። ከዚያ ቀኑን፣ ብሎኩንና ፎቁን፣ የገባበትን በር ወይም መስኮት፣ ቁልፉ በምን እንደተሰበረ፣ የተወሰደውንና ቤቱ ከዚህ በፊት ተሰርቆ ያውቅ እንደሆነ ጨምሩ። የአንድ ዓመት መዝገብ ሲኖራችሁ ከየትኛውም ካሜራ ሻጭ በላይ ግቢያችሁን ታውቁታላችሁ።

አሁን ሁለት ጊዜ ወደ ተሰረቀው ቤት እንምጣ። በእንግሊዝ፣ ሮችዴል ውስጥ ኪርክሆልት የሚባል ከ2,200 በላይ ቤቶች ያሉት ሰፈር ነበር። በ1986 ከአራት ቤት አንዱ ያህል ተሰብሯል። አጥኚዎቹ ሌቦችን፣ ተሰራቂዎችንና ጎረቤቶችን ሲያነጋግሩ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ከሌላው ቤት አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌባው መግቢያውን አውቆታል፤ መሸከም ያልቻለውን ዕቃ አይቶ ሄዷል፤ ባለቤቱ አዲስ ቴሌቪዥን እንደሚገዛም ያውቃል። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። በሌሎች ከተሞች የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ ሲያገኙ፣ አጎራባች ቤቶችም ለአንድና ሁለት ወር የበለጠ አደጋ ላይ እንደሚወድቁ አሳይተዋል።

ኪርክሆልት ውስጥ የተሠራው ሥራ ሰፈሩን ሁሉ ያዳረሰ አልነበረም። የተሰበረው ቤት ላይ አተኮሩ፦ በርና መስኮቱን ቶሎ አጠናከሩ፤ ሳንቲም የሚጎርሱትን የጋዝና የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች አነሱ፣ ሌባው የሚፈልገው በውስጣቸው ያለውን ገንዘብ ነበርና፤ በዙሪያው ያሉትን ስድስት ያህል ቤቶች እንዲጠብቁ አስማሙ። በአምስት ወር ውስጥ ስርቆቱ ከነበረው ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የቀነሰው 75 በመቶ ነበር።

ለእናንተ የምንመክረው ይህን ነው። ከተዋጣው ገንዘብ የተወሰነውን ለተሰበሩ ቤቶች ብቻ መድቡ። ስርቆት በተፈጸመ በ24 ሰዓት ውስጥ የበሩ ቁልፍ ሲሊንደር ይቀየር፤ የተሰበረው ጉበን ወይም መስኮት ይጠገን፤ ምድር ላይ ያለ ቤት ከሆነ የመስኮቱ ፍርግርግ ብረት ግድግዳው ውስጥ የገባበት ቦታ ይፈተሽ፣ ብዙ ጊዜ የሚነቀለው ከዚያ ነውና። ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉት ጎረቤቶች ለስድስት ሳምንት ያህል ቤቱን እንዲያዩና ስልክ እንዲለዋወጡ ይደረግ። ዘበኛውም በዚያ ጊዜ ዙሩን ወደዚያ ብሎክ ያብዛ። አዲስ ዕቃ ሲገዛ ካርቶኑ በደጅ አይጣል።

መብራትም ብትጨምሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ችግር ለበረታበት ብሎክ ብቻ ሰጥታችሁ «ቀነሰ» እንዳትሉ። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ የተሰረቀበት ብሎክ ምንም ሳይደረግለትም በሚቀጥለው ወር ወደ አንድ ሊወርድ ይችላል፤ የከፋ ወር ሁልጊዜ አይደገምም። በአራት ስርቆት ምንም ማረጋገጥ እንደማይቻልም ለነዋሪው ከወዲሁ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ሞባይል ነጣቂ ላይ 25 ዓመት ቢፈረድ ማንም አይደፍርም ነበር የሚል ክርክር ከጓደኞቼ ጋር ገጥሜያለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዳንኤል ናጊን በ2013 የዘርፉን ጥናቶች ገምግሞ የደረሰበት ድምዳሜ ሰውን የሚያስፈራው የመያዝ ዕድሉ ነው የሚል ነው፤ ቀድሞውንም ረጅም የሆነ እስራትን ይበልጥ ማስረዘም የሚጨምረው እዚህ ግባ አይባልም። ነጣቂ በሞተር ሳይክል ሲመጣ የሚያሰላው የሚቀጥለውን አንድ ደቂቃ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ አለ? መንገዱ ክፍት ነው? በዚያ ላይ ወንጀል ጫፍ የሚደርሰው በአሥራዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይወርዳል። 25 ዓመት የተፈረደበት የ20 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው፣ ውጭ ቢሆን ኖሮ ነጠቃውን ትቶት በነበረበት ዕድሜ ነው።

ግን «ቶሎና በእርግጠኝነት መቅጣት» የሚለውም አስማት አይደለም። በሐዋይ በ2004 የተጀመረ በገደብ የተለቀቁ ሰዎችን የሚከታተል ፕሮግራም ነበር። ሕግ ያፈረሰ ወዲያው ጥቂት ቀን ይታሰራል። እዚያው በዕጣ ሲፈተሽ ውጤቱ አስደናቂ ነበር። በአርካንሶ፣ በማሳቹሴትስ፣ በኦሪገንና በቴክሳስ ተደግሞ በ2016 ውጤቱ ሲወጣ ግን ከተለመደው ክትትል የተለየ ነገር አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ታግዷል፣ አንዴ ከሱቅ ዕቃ ሲያነሳ ተይዟል። አንድ የማኅበራችን ሰው «እስር ቤት ወስደን እስረኞቹ ያስፈራሩት፣ ያኔ ይበቃዋል» ይላሉ። ባለቤቴም ተስማምቷል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እባክዎ አይውሰዱት። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን እንረዳለን፤ ነገር ግን በወንጀል ጥናት ውስጥ ይህን ያህል በግልጽ የተፈተነና የወደቀ ነገር ጥቂት ነው።

የታወቀው ፕሮግራም በ1970ዎቹ በኒው ጀርሲ ራዌይ እስር ቤት የተጀመረው ነው። የዕድሜ ልክ እስረኞች ልጆቹን ከበው ይጮሁባቸዋል፤ እስር ቤት ውስጥ የሚደርስባቸውን በዝርዝር ይነግሯቸዋል። ከጎበኙት ልጆች አብዛኞቹ ወደ ጥፋት አልተመለሱም ተብሎ ዝናው አገር አዳረሰ። ጄምስ ፊንክነወር የሚባል አጥኚ ያልሄዱትን ልጆችም ተከታተለ። በስድስት ወር ውስጥ ካልሄዱት ያጠፉት 11 በመቶ ያህል ናቸው፤ ከሄዱት ግን 41 በመቶ ያህሉ። ልጆቹ ጥቂት ስለነበሩ በእሱ ብቻ አንፈርድም። አንቶኒ ፔትሮሲኖና ባልደረቦቹ በዕጣ የተሠሩ ዘጠኝ ተመሳሳይ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመዝኑም መልሱ ያው ነው፦ ጉብኝቱ ጥፋትን ያበዛል።

ለምን? አንዱ ማብራሪያ ከሌሎች አጥፊ ልጆች ጋር አንድ መኪና ላይ መሳፈሩ ራሱ ነው፤ ፈርቶ የገባው ልጅ ሲወጣ ለጓደኞቹ «አልፈራሁም» ማለት አለበት። ለዚህ የሚቀርብ የቆየ ማስረጃ አለ። በማሳቹሴትስ በ1939 በተጀመረ ጥናት 506 ወንዶች ልጆች ጥንድ ጥንድ ተደርገው ከየጥንዱ አንዱ በሳንቲም ዕጣ አማካሪ፣ ሕክምና፣ የትምህርት እርዳታና የክረምት ካምፕ አገኘ። ጆአን ማኮርድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፈልጋ ስታገኛቸው የተረዱት የባሰ ሆነው ተገኙ። ጉዳቱ የጎላው ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ ካምፕ በሄዱት ላይ ነው። ከዚህ የሚወሰደው እርዳታ ይቅር የሚል አይደለም። አስቸጋሪ ልጆችን ያለ ጠንካራ መሪ አንድ ላይ ማከማቸት አደገኛ ነው።

የሚሠራውስ? በቺካጎ ትምህርት ቤቶች «ቢካሚንግ ኤ ማን» የሚባል ፕሮግራም አለ። ልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ በትንሽ ቡድን ይሰበሰባሉ። አንዱ መልመጃ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱ ኳስ ይጨብጣል፤ ሌላው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ኳሱን ማግኘት አለበት። ሁሉም ይታገላሉ፣ ጣት ይጠመዝዛሉ። ጊዜው ሲያልቅ መሪው «ለምን ስጠኝ ብለህ አልጠየቅኸውም?» ይላል። ልጁ «እሺ አይለኝም ነበር» ሲል መሪው ወደ ጓደኛው ዞሮ «ቢጠይቅህስ?» ይለዋል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «እሰጠው ነበር» ነው። የሚለማመዱት ስብከት አይደለም፤ ያልተነገረን ነገር ከመገመት በፊት ማቆምን ነው። በዕጣ በተሠሩ ሁለት ሙከራዎች ልጆቹ በፕሮግራሙ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ በፖሊስ መያዛቸው ከ28 እስከ 35 በመቶ ቀንሷል፤ በአካላዊ ጥቃት መያዛቸው ደግሞ ከ45 እስከ 50 በመቶ። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ግን ይህ የመያዝ ቅነሳ እንደቀጠለ ማሳየት አልተቻለም። ስለዚህ ለአንድ ወር ብቻ ልከው ተአምር አይጠብቁ።

ከአፍሪካም ሊያውቁት የሚገባ ሥራ አለ። በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ በስርቆትና በድብድብ የሚኖሩ 999 ወጣት ወንዶች በዕጣ በአራት ተከፈሉ፦ ስምንት ሳምንት የጠባይ ሥልጠና ያገኙ፣ 200 ዶላር ያገኙ፣ ሁለቱንም ያገኙ፣ ምንም ያላገኙ። ሥልጠናው የሚሰጠው ራሳቸው ከዚያ ሕይወት በወጡ ሰዎች ጭምር ነው፤ የቤት ሥራውም ፀጉርን መቆረጥ፣ ንጹሕ መልበስ፣ ባንክና ሱፐርማርኬት ገብቶ በጨዋ ደንብ መስተናገድ ነበር። ከዓመት በኋላ ገንዘብ ብቻ ያገኙት ላይ የቀረ ለውጥ አልነበረም፤ ሥልጠና ብቻ ያገኙት ላይ ለውጡ ደበዘዘ፤ ሁለቱንም ያገኙት ላይ ግን ቆየ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ባልደረቦቹ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለሱ የእነዚህ ሰዎች ጥፋት ከማነጻጸሪያው ቡድን ግማሽ ያህል ሆኖ አገኙት፤ ለውጡ የበረታውም መጀመሪያ እጅግ አደገኛ በነበሩት ላይ ነበር።

የቺካጎውም የሞንሮቪያውም ሥልጠና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ከሚባለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን ለመለወጥ ከሚያለማምደው የምክር ዓይነት ነው። ለልጅዎ የትምህርት ቤቱን አማካሪ «ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚሰጥ አለ ወይ? ቡድን ከሆነ ስንት ልጆች ናቸው? ማን ይመራዋል? ስንት ሳምንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በቡድን ካልተመቸ በግል መሆኑ አይጎዳውም። ከሁሉ በላይ ግን በ15 ዓመቱ ከሱቅ ያነሳ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሌባ ሆኖ አይቀርም። በኒው ዚላንድ ደኒደን በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን እስከ ጉልምስና የተከታተለው ጥናት ካስተማረን አንዱ፣ በአሥራዎቹ የሚያጠፉት ብዙዎች እንደሆኑና በጥፋት የሚዘልቁት ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ችግር የታየባቸው ጥቂቶች መሆናቸው ነው።

ጥያቄ፦ ነታንያ፣ እስራኤል ነው የምኖረው። ፖሊስ አንድ መንገድ ላይ ሲበዛ ሌባው ወደሚቀጥለው ሰፈር አይሄድም? ደግሞስ ፖሊስ በበዛበት የሚፈተሹት የእኛ ልጆች አይደሉም?

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም።

ወንጀል በከተማ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። በሚኒያፖሊስ በ1980ዎቹ ለፖሊስ ከተደወሉት ጥሪዎች ግማሹ የመጡት ከ3.3 በመቶ አድራሻዎች ነበር። በቴል አቪቭ ያፎ ዴቪድ ዋይስበርድና ሼይ አምራም ሲያጠኑም ከመንገድ ክፍሎቹ (ከአንድ መገናኛ እስከሚቀጥለው ያለው መንገድ አንድ ክፍል ነው) 4.5 በመቶ ያህሉ የወንጀሉን ግማሽ ይሸከማሉ። «መጥፎ ሰፈር» በሚባለው ውስጥ እንኳ አብዛኛው መንገድ ሰላማዊ ነው፤ ችግሩ ከአንድ ማዕዘን ወይም ከአንድ መጠጥ ቤት ደጅ አይዘልም። ፖሊስ እነዚህ ቦታዎች ላይ ሲያተኩር ወንጀል እንደሚቀንስ ብዙ ሙከራዎች አሳይተዋል። ቀኑን ሙሉ መቆምም አያስፈልግም። ክሪስቶፈር ኮፐር በ1995 ባሳተመው ሥራ አንድ ጉብኝት ጥቅሙ የሚጎላው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ ነው፤ ከዚያ በላይ መቆየት የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሌባው ይሸሻል ወይ? በአሜሪካ ጀርሲ ሲቲ ይህንኑ ለማወቅ ተብሎ ዕፅ በሚሸጥባቸውና ሴተኛ አዳሪነት ባለባቸው ቦታዎች በተሠራ ጥናት በዙሪያው ያሉ መንገዶችም ተጠቀሙ እንጂ አልተጎዱም። ቦታ የሚመረጠው ደንበኛ፣ ማምለጫና ትውውቅ ስላለ ነው፤ ያ በቀላሉ አይዛወርም። ግን በኮሎምቢያ ቦጎታ በ2016 በ1,919 የመንገድ ክፍሎች ላይ የተሠራው ትልቅ ሙከራ ለየት ያለ ነገር አሳየ፤ የንብረት ወንጀል ወደ ጎን የተገፋ ይመስላል፣ ግድያና አስገድዶ መድፈር ግን አልተገፋም። እኛ ያለን ግምት በትርፍ የሚሠራው ሌባ ቦታ መቀየር እንደሚቀለው ነው።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ቤተ እስራኤላውያን በ2015 እና በ2019 አደባባይ የወጡት ፖሊስ በልጆቻቸው ላይ የሚፈጽመውን ጥቃትና አድልዎ በመቃወም እንደሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በአንድ መንገድ ላይ ተገኝቶ መታየትና ያገኙትን ወጣት ሁሉ ማስቆም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዋይስበርድና ባልደረቦቹ በ2022 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ለይቶ ያሳያል። በአሜሪካ ቱሰን፣ ሂውስተንና ኬምብሪጅ 120 ወንጀል የበዛባቸው ቦታዎች ተመረጡ። የግማሾቹ ፖሊሶች 40 ሰዓት ሠለጠኑ፦ ሰውየውን ማዳመጥ፣ ለምን እንዳስቆሙት ማስረዳት፣ አለማዳላት፣ ማክበር። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ሰው የማሰራቸው ነገር ከ60 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ ወንጀሉም 14 በመቶ ያህል ወረደ። የማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ዕድል ካገኛችሁ «ስንት ፖሊስ ተመደበ?» ከሚለው ይልቅ ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ ስንት ሰው በፖሊስ እንዲቆም ተደረገ፣ ከቆሙት በስንቱ ላይ ነገር ተገኘ፣ ከቆሙት የማኅበረሰባችን ልጆች ስንት ናቸው። የመጨረሻው ቡድን ከሌላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ቆሞ ብዙ ጊዜ ምንም ካልተገኘበት፣ ፍተሻው በመልክ እንጂ በምክንያት አልነበረም ለማለት ጠንካራ መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ። «ወንጀል በ30 በመቶ ቀነሰ»፣ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል መግለጫ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ለአድማጭ ከማቅረቤ በፊት በምን ልፈትሸው?

መልስ፦ ከመቶኛው ጀርባ ያለውን ጥሬ ቁጥር ይጠይቁ። ከ10 ወደ 7 መውረድም ከ1,000 ወደ 700 መውረድም 30 በመቶ ነው። ቀላል ስሌት አለ፦ ሁለቱን ቁጥሮች ደምረው ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ በ2 ያባዙት። ልዩነቱ ከዚያ ካልበለጠ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። 10 ሲደመር 7፣ 17፤ ስኩዌር ሩቱ 4.1፤ በ2 ሲባዛ 8.2። ልዩነቱ 3 ብቻ ስለሆነ ዜና አይደለም። ለ1,000 እና ለ700 ግን ወደ 82 ይመጣል፤ ልዩነቱ 300 ስለሆነ የሆነ ነገር ተለውጧል። አንድ ቡድን ብዙ ስርቆት በአንድ ጊዜ ሲፈጽም ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ ይህ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ቀጥሎ ምን እንደተቆጠረ ይጠይቁ። ፖሊስ የሚቆጥረው የተመዘገበለትን ነው። አሜሪካ ከ1973፣ እንግሊዝና ዌልስ ከ1982 ጀምረው ቤት ለቤት «ባለፉት ወራት ምን ደረሰባችሁ?» ብለው የሚጠይቁት ብዙው ወንጀል ፖሊስ ዘንድ ስለማይደርስ ነው። አንድ ጣቢያ ሴት መርማሪ መድቦ ለብቻ ክፍል ቢከፍት የአስገድዶ መድፈር አቤቱታ ሊጨምር ይችላል። ይህን «ወንጀሉ ጨመረ» ብሎ ማቅረብ በደንብ የሠራውን ጣቢያ መቅጣት ነው።

ከዚያ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ይበሉ። «ከባለፈው ዓመት ጋር» ከሆነ መልሱ፣ በሌሎቹ ክፍለ ከተሞችስ? ያም ቀንሶ ከሆነ ፕሮግራሙ ምንም አላደረገ ይሆናል። ማነጻጸሪያው እንዴት እንደተመረጠም ይጠይቁ፤ በዕጣ ከሆነ ይታመናል፣ በፈቃደኝነት ከሆነ ቀድሞውንም የተሻሉት ሊሆኑ ይችላሉ።

በመጨረሻም ስንት ጊዜ ተደገመ? በ1984 ሎረንስ ሸርማንና ሪቻርድ በርክ ያሳተሙት የሚኒያፖሊስ ሙከራ ሚስቱን የደበደበ ሰው ሲታሰር፣ ሲመከርና ለጊዜው ከቤት እንዲወጣ ሲደረግ ምን እንደሚከተል አነጻጸረ። በስድስት ወር ውስጥ በፖሊስ መዝገብ እንደገና ጥቃት የፈጸሙት ከታሰሩት 10፣ ከተመከሩት 19፣ ከወጡት 24 በመቶ ነበሩ። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ወዲያው የእስር መመሪያ አወጡ። በሌሎች አምስት ከተሞች ሲደገም ግን ውጤቱ ተለያየ። በሚልዋኪ ሥራ ያለው ሰው መታሰሩ ሲገታው ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ይብስበት ነበር። ኋላ ሁሉም ተደምሮ ሲታይ እስር የሚቀንሰው መጠነኛ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ጥናት ሐሰት አልነበረም፤ አንድ ከተማ ነበር።

ለማይክሮፎን ሲጽፉት መቶኛውን ወደ ቆጠራ ይመልሱት። «ካሜራ ወንጀልን በ13 በመቶ ይቀንሳል» ከማለት እንዲህ ይበሉ፦ «100 ወንጀል ይፈጸምበት በነበረ ቦታ ካሜራ ሲተከል በአማካይ ወደ 87 ይወርዳል። በብዛት የተጠቀሙት የመኪና ማቆሚያዎች ናቸው። ድብድብ ላይ ለውጥ አልታየም።» በደቂቃ ሩብ ያልቃል፤ ቤት ለቤት ካሜራ የሚሸጠውም ሰው ሆነ ገዢው ሊያጣምመው አይችልም።